አንድ ድርሰት፣ ዘጠኝ ውጤት

አንድ ኪሎ ስኳር በየትኛውም ትክክለኛ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ክብደቱ ያው አንድ ኪሎ ነው። ለመሆኑ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የጻፈው ድርሰት በተለያዩ መምህራን እጅ ሲገባስ ያው አንድ ውጤት ያገኛልን? ጥያቄው የተማሪዎች የዘወትር መነጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግር የኖረ የልኬት ጥያቄም ነው።

በአሜሪካ የሚገኘው ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1885 «እንግሊዝኛ ኤ» የተባለውን የጽሕፈት ትምህርት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ መስጠት ከጀመረ በኋላ፣ መሰል ኮርሶች በሌሎችም ኮሌጆች ተስፋፉ። ትምህርቱ ሲስፋፋ የእርማቱ ችግርም አብሮ ጎልቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1912 ዳንኤል ስታርች እና ኤድዋርድ ኤሊየት የተባሉ ምሁራን የአንድን ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ከአንድ መቶ ለሚበልጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አሳረሙት። ውጤቱ ከ64 እስከ 98 ተለያየ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ የተለያዩት ዓይኖቹ ናቸው።

ከዚህም የጠለቀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1961 በፖል ዲድሪክ እና በባልደረቦቹ የቀረበው ነው። የኮሌጅ ጀማሪዎች የጻፏቸው 300 ድርሰቶች ለ53 አንባቢያን ተሰጡ። አንባቢያኑ የእንግሊዝኛ፣ የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን፣ ደራሲያንና አርታዒያን፣ የሕግ ባለሙያዎች እንዲሁም የንግድ ሥራ ኃላፊዎች ነበሩ። ምንም መመዘኛ ሳይነገራቸው ድርሰቶቹን በዘጠኝ ደረጃ እንዲመድቡ ተጠየቁ። ከድርሰቶቹ 94 በመቶው ቢያንስ ሰባት የተለያዩ ደረጃዎችን ሲያገኙ፣ ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ አንድም ድርሰት አልነበረም። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ዘጠኙንም ደረጃ አግኝተዋል።

ታዲያ አንባቢያኑ ግዴለሾች ነበሩን? አልነበሩም። ተመራማሪዎቹ ውጤቶቹን በስታቲስቲክስ ዘዴ ሲተነትኑ አንባቢያኑ በአምስት ጎራ ተከፍለው ተገኙ። ትልቁ ጎራ ለሐሳብ ቅድሚያ ሲሰጥ፣ ሌሎቹ ለአደረጃጀት፣ ለሰዋስውና ለሥርዓተ ነጥብ፣ ለቃላት አመራረጥ ወይም ለጸሐፊው ልዩ ቃና ያደሉ ነበሩ። ይህም የአንድን ሰው ቁመት የለካና ክብደቱን የመዘነ ሁለት ሰዎች በቁጥሩ እንደ መከራከራቸው ያህል ነው። እያንዳንዱ በራሱ መለኪያ ትክክል ቢሆንም፣ የለኩት ነገር አንድ አይደለም።

ችግሩ በሒሳብ ሊገለጽ ይችላል። በዚሁ ጥናት በሁለት አንባቢያን መካከል የታየው መካከለኛ የዝምድና መጠን 0.31 ነበር፤ ፍጹም ስምምነት 1 መሆኑን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1910 ስፒርማንና ብራውን ባቀረቡት ቀመር መሠረት፣ የሁለት አንባቢያን አማካይ ውጤት ተአማኒነት ወደ 0.47፣ የአምስት አንባቢያን ደግሞ ወደ 0.69 ከፍ ይላል። ይሁንና በመቶ የሚቆጠር ድርሰት የተቆለለበት አንድ መምህር አራት ተባባሪዎችን ከየት ያገኛል?

ስለዚህ ሌላ መፍትሔ አስፈለገ፤ ይኸውም መመዘኛን አስቀድሞ መስማማት ነው። አራሚዎች ለሐሳብ፣ ለአደረጃጀትና ለቋንቋ የሚሰጠውን ነጥብ ለይተው ይጽፋሉ፤ በናሙና ድርሰቶች ላይ አብረው ይለማመዳሉ፤ የጸሐፊውን ስም ይሸፍናሉ፤ ሁለቱ ሲራራቁ ሦስተኛ አንባቢ ይጨመራል። የተማሪው ችሎታም ከርእስ ርእስ ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ድርሰት ብቻ መፍረድ አይበቃም።

እርማቱን ለመኪና የመስጠት ሐሳብም አዲስ አይደለም። ኤሊስ ፔጅ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ድርሰትን በኮምፒውተር የማረም ሙከራ አካሂደዋል። ኮምፒውተር አይደክምም፤ የማይደክም ሁሉ ግን አስተዋይ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌስ ፔረልማን የተባሉ መምህር ከተማሪዎች ጋር ሆነው ትርጉም የለሽ ድርሰት የሚያመርት ፕሮግራም በመሥራት፣ አንዳንድ የማረሚያ ሶፍትዌሮች ለባዶ ቃላት ክምር ከፍተኛ ውጤት እንደሚሰጡ አሳይተዋል።

ነገሩ ለእኛ አገር ተማሪ ሩቅ አይደለም። በምርጫ ጥያቄዎች ላይ በተመሠረተ አገር አቀፍ ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ፣ በአፍ መፍቻው ባልሆነ ቋንቋ የላቦራቶሪ ዘገባና የጥናት ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። አራሚው የፊደል ግድፈቱን ብቻ ከቆጠረ፣ በጎደለ ሰዋስው የቀረበ ጥሩ ሐሳብ ይቀበራል፤ በአንጻሩ በተዋበ ቋንቋ የተሸፈነ ባዶ ሐሳብ ያልፋል።

በመሆኑም ተማሪው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «በምን ትመዝኑኛላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም፤ በሌሎች ትምህርቶች የመለኪያ አሃዱን እንደ መጠየቅ ነው። መምህሩም ከቁጥሩ ጎን የትኛው ሐሳብ እንዳልተደገፈ፣ የትኛው አንቀጽ ቦታው እንዳልሆነ ቢጠቁምና ድርሰቱ ተሻሽሎ እንዲመለስ ቢፈቅድ፣ እርማቱ ፍርድ ብቻ ሳይሆን ትምህርትም ይሆናል።