ሳድስ የሌለው ፊደል

ጃፓኖች የባዕድ ቃል የሚጽፉበት ካታካና የተባለው ፊደል ሥሩ በ9ኛው መቶ ዓመት፣ በቡድሃ ገዳማት ውስጥ ነው፤ መነኮሳቱ በቻይና ፊደል የተጻፉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ሲማሩ፣ ንባቡን በመስመሮቹ መካከል ለማመልከት ሥፍራው ስለ ጠበባቸው፣ ከአንድ ሙሉ ፊደል ቁራጩን ብቻ እየከፈሉ ወሰዱ፤ «ካታ» ማለትም ክፋይ፣ ጎዶሎ ማለት ነው።

መሠረታውያኑ ፊደላት ዛሬ 46 ሲሆኑ፣ እንደ እኛው ተነባቢንና አናባቢን ባንድ አካል ያዋሐዱ ናቸው፤ ድምፃቸውም ከካዕብ፣ ከሳልስ፣ ከራብዕ፣ ከኀምስና ከሳብዕ ጋር ይቀራረባል። ያጡት ግዕዝንና ሳድስን ነው፤ ይልቁንም የሳድስ መጉደል ጎልቶ ይታያል። ለብቻዋ ከቆመችው «ን» በቀር አናባቢ ሳያስከትል የሚጻፍ ተነባቢ የላቸውምና፣ እንግሊዝኛው በሳድስ የሚዘጋውን እነርሱ አብዛኛውን ጊዜ በካዕብ ይከፍቱታል፤ «ኤፍ» «ኤፉ»፣ «ኤም» «ኤሙ»፣ «ኤስ» «ኤሱ» ይባላል። «ኤል» እና «አር» የተባሉት ፊደላትማ፣ ጃፓንኛ ሁለቱን ድምፆች ስለማይለይ፣ «ኤሩ» እና «አሩ» ተብለው በመነሻቸው ብቻ ይታወቃሉ።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት «ስትራይክ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ እንግሊዛዊው ባንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው ቃል «ሱ፣ ቶ፣ ራ፣ ኢ፣ ኩ» ተብሎ በአምስት ፊደል ይጻፋል። በመካከሉ «ቱ» መሆን የሚገባት «ቶ» የሆነችው፣ በዚያ ቤት ካዕቧ «ትሱ» ተብላ ስለምትነበብ ነው፤ ሳልሷም «ቺ» ናትና «ቲም» ለእነርሱ «ቺሙ» ሆኖ ቀርቷል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ በቤዝቦል ጨዋታ የሚባለው «ሱቶራይኩ» ሲሆን የሠራተኞች አድማ ግን «ሱቶራይኪ» ነው፤ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በመድረሻው ፊደል ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ትርጓሜ አገኘ። ይህን የሚሰሙ የውጭ ሰዎች ቃሉ ተበላሸ ሲሉ ይገኛሉ፤ እኔ ግን ፍርዱ የችኮላ ነው እላለሁ፤ ጃፓናዊው ሲናገረው «ሱ»ን በሹክሹክታ ስለሚያልፋት፣ በጽሕፈት ካዕብ የሆነችው በአፉ ሳድስ ልትሆን ትቃረባለች።

በቋንቋቸው ለሌለው ለ«ቨ» ድምፅ ደግሞ፣ ሊቁ ፉኩዛዋ ዩኪቺ እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው የቃላት መጽሐፍ፣ «ኡ» በሚነበበው ፊደል ትከሻ ላይ ሁለት ጭረት አድርጎ ተጠቀመ፤ የእኛም ጸሐፍት «በ»ን ከራሷ ላይ ሰረዝ ጨምረው «ቨ» እንዳደረጓት ያለ ብልሃት ነው። መንግሥታቸው በ1991 ባወጣው የአጻጻፍ መመሪያ ይህችን ፊደል ተቀብሎ በ«በ» ቤት መጻፉንም ስላልከለከለ፣ ቫዮሊን ዛሬም ባንዱ ጽሑፍ «ባዮሪን»፣ በሌላው «ቫዮሪን» ሆኖ ይገኛል፤ አንባቢው ግን ባብዛኛው ሁለቱንም «ባ» ብሎ ያነባቸዋል።