«ሳሎኑ አይመችም»፦ የሆም ቲያትር ተረትና እውነታ

የኮንዶሚኒየም ሳሎን የነደፈው መሐንዲስ ስለ ስፒከር አላሰበም፤ እንዲያስብም ማንም አልጠየቀው። በሩ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው፦ በአንድ ጎን ወደ በረንዳ የሚያስወጣ የመስታወት በር፣ በሌላው ጎን ወደ ማድቤትና ወደ መኝታ ቤት የሚወስድ ክፍት ቦታ፣ ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ግድግዳውን የተደገፈ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ የተረፈውን ጥግ የያዘ ቡፌ። አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ገዝቶ የገባ ሰው ካርቶኑን ሳይከፍት ይጨንቀዋል። መካሪ ደግሞ አይጠፋም። የመርካቶው ሻጭ፣ ዲሽ የሚተክለው ልጅ፣ ከአሜሪካ የመጣው ዘመድ፣ ሁሉም የየራሱ ሕግ አለው። ከሕጎቹ አንዳንዱ ከሲኒማ ቤት የተቀዳ ነው፤ አንዳንዱ ከካርቶን ላይ የተነበበ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ግማሽ እውነት አለው፤ አስቸጋሪውም ይኸኛው ነው። እኔ የምከራከርለት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ስፒከር የሚተከለው ከግድግዳው ተነስቶ ሳይሆን ከመቀመጫው ተነስቶ ነው።

«ድምፅ የሚያምረው እኩል አራት ማዕዘን በሆነ ክፍል ነው»

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ስለሆነ ከዚህ እንጀምር። ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 40 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ከሳሎኑ ሊረዝም ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ አንዳንድ ቦታ ላይ ይደራረብና ያጓራል፤ ሌላ ቦታ ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ክፍል እንደ ዋሽንት ነው፤ የትኛው ድምፅ እንደሚጎላ ርዝመቱ ይወስናል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ 343ን ለርዝመቱ እጥፍ ማካፈል። 4 ሜትር ከሆነ 43 ኸርዝ ላይ ያጓራል።

እንግዲህ ክፍሉ 4 በ4 ቢሆንስ? ርዝመቱም ስፋቱም ያንኑ 43 ኸርዝ ያጎላሉ፤ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ሳሎኑ 4.5 በ3.2 ሜትር ከሆነ ግን አንዱ 38 ላይ፣ ሌላው 54 ላይ ስለሚያርፍ ጉብታው ይከፋፈላል። ለወፍራም ድምፅ መጥፎው ክፍል ሁሉም የሚመኘው ያ እኩል አራት ማዕዘን ነው። ወደ ማድቤት የተከፈተው ጎንም ቢሆን ያን ያህል አይወቀስም፤ ከሞገዱ የተወሰነውን ስለሚያስወጣው ጉርምርምታው ይለዝባል። በለውጡ ሰብዉፈሩ ሳሎኑንም ኮሪደሩንም መሙላት ስላለበት ትንሽ ይደክማል።

የተጣመመው ሳሎን እውነተኛ ችግር ከፊት ያሉት የግራና የቀኝ ስፒከሮች እኩል አለመሆናቸው ነው። በበረንዳው በኩል ያለው ስፒከር ድምፁ መስታወቱን መትቶ ይመለሳል፤ በክፍቱ በኩል ያለው የሚመታው ግድግዳ የለም። ስለዚህ ድምፁ ወደ መስታወቱ ያዘነብላል። መፍትሔው ግድግዳ መሥራት አይደለም። መስታወቱ ላይ በደንብ የታጠፈ ወፍራም መጋረጃ መሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ያኛውም ጎን «ክፍት» ወደመሆን ይጠጋል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ በሶፋውና በስፒከሮቹ መካከል ምንጣፍ ይነጠፍ። መሐል ቆሞ አንዴ ማጨብጨብ ነው፤ ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ከተመለሰ ክፍሉ ገና ልብስ ያስፈልገዋል።

«የኋላ ስፒከር የኋላ ጥግ ላይ ይሰቀላል»

በየቤቱ የማየው አሰቃቀል ይህ ነው፤ ሁለቱም ስፒከሮች ኮርኒሱ ሥር፣ ከሶፋው ጀርባ፣ ጥግና ጥግ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ5.1፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር፣ ያወጣው ምክር ግን ሌላ ነው። የፊቶቹ ግራና ቀኝ ከመሐሉ በ30 ዲግሪ፣ «የኋላ» የምንላቸው ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ። 90 ዲግሪ ማለት በትክክል ከጆሮ ትይዩ ጎን ስለሆነ፣ 110 ማለት ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ነው። መለኪያ መሣሪያም አያስፈልግም፤ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥኑን እያዩ ሁለት እጅን ወደ ጎን መዘርጋት፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ማድረግ። ጣት የጠቆመበት መስመር ላይ ነው ስፒከሩ የሚቆመው።

ተረቱ የመጣው ከሲኒማ አዳራሽ ይመስለኛል። እዚያ በጎንና በኋላ ግድግዳው ላይ ስፒከር በሰልፍ ተደርድሮ ይታያል፤ ይህ የሆነው ግን በመቶ ለሚቆጠር ተመልካች ድምፁን ለማዳረስ ነው። ሳሎን ውስጥ ከልብ የሚያይ ሰው ሦስት ቢሆን ነው። ኤል ሼፕ ሶፋ ካለ ደግሞ ጥጉ ላይ የሚቀመጠው ሰው የድምፅ ዳኛ እንዳይሆን፤ ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ያለው መቀመጫ ይመረጥና ሁሉ ነገር ከዚያ ይለካ።

ሶፋው ግድግዳውን ተደግፎ ሲቀር የወፍራም ድምፅ ግፊት ከፍተኛ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው ጭንቅላታችን ያለው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ያጉረመርማል። 40 ወይም 50 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ሳብ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይለውጣል፤ ክፍሉ መሐል ላይ ማስቀመጥ ደግሞ በተቃራኒው ቤዙን ያጠፋዋል። ባለቤትየዋ «ሶፋዬ ከግድግዳ አይነሳም» ካለች፣ መብቷ ነው፤ ያን ጊዜ ስፒከሮቹን በጎን ሰፋ አድርጎ ከተቀማጩ ጆሮ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ከዳር የተቀመጠውን እንግዳም ከመደንቆር ያድናል።

አንዱ የኋላ ስፒከር 1 ሜትር ላይ፣ ሌላው በረንዳው በር አጠገብ 2 ሜትር ላይ መቆሙ ብዙዎችን ያሳስባል፤ ሊያሳስብ ግን አይገባም። የ1 ሜትር ልዩነት 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 በዶክትሬት ጥናቱ እንዳሳየው፣ አንድ ድምፅ ከሁለት ቦታ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ጆሮ አስቀድሞ የደረሰውን ምንጭ ብሎ ይይዛል። አምፕሊፋየሩ ውስጥ «ዲስታንስ» የሚል ማስተካከያ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ እውነተኛውን ርቀት በሜትር ለክቶ ማስገባት ነው፣ ማሽኑ የቅርቡን ያዘገየዋል። ሁለት ስፒከር እኩል ለማራቅ ሲባል ቡፌ የተሸጠበት ቤት እንዳለ ብሰማ አይገርመኝም።

«ሰብዉፈር የትም ቢቀመጥ አንድ ነው»

ግማሽ እውነት ያልኩት ይህን ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም፤ እውነት። ከዚህ ተነስቶ «የትም ይቀመጥ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ አቅጣጫው ባይታወቅም መጠኑ በቦታው ይለዋወጣልና። ጥግ ላይ ሲቀመጥ የክፍሉን ጉርምርምታ ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ይጮኻል፣ ግን አንድ ኖታ ብቻ የሚያውቅ ይመስላል።

ለዚህ የሚሆን የቆየ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን ራሱን ሶፋው ላይ፣ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጡት። ቤዝ ጊታሩ በግልጽ የሚሰማ ዘፈን ይክፈቱ። ከዚያ በአራት እግር እየዳሁ ግድግዳ ግድግዳውን መዞር። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ሲገኝ ሰብዉፈሩ እዚያ ይቀመጣል፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ድምፅ ሲሄድም ሲመለስም ያው ስለሆነ። የቤት ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ።

ገንዘብ ለሚተርፈው፣ ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ ይሻላል። የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት ሁለት ሰብዉፈር በተቃራኒ ግድግዳዎች መሐል ላይ ሲቀመጡ ድምፁ በመቀመጫዎቹ ሁሉ ይበልጥ እኩል እንደሚሆን አሳይቷል።

«10,000 ዋት»

ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ፣ አጠገቡ በትንሹ ፒኤምፒኦ ይላል። እንፈትነው። አንድ 16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት ቢበዛ 3,520 ዋት ይሰጣል። 10,000 ዋት ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፤ በቅጽበት ሽርፍራፊ የተገመተ፣ ስፒከሮቹን ሁሉ የደመረ የገበያ ቁጥር ነው። እውነተኛውን ማወቅ የፈለገ ዕቃውን አዙሮ ከጀርባው ያለውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ያንብብ።

ደግሞስ ለምን? ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 3 ዲሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ዲሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። አንድ የተለመደ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዲሲቤል ይሰጣል እንበል። 2.7 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው 80 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ ለኮንዶሚኒየም ጎረቤት በቂ ነው፣ ያውም በ1 ዋት። ከአሜሪካ የተላከ ዕቃ ከሆነ ከዋቱ በፊት የሚታየው ቮልቱ ነው፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ ከተሰካ ቀብር ነው። ሰብዉፈሩ የራሱ መሰኪያ ስላለው እሱም ለብቻው ይታይ።

ስለ ውድ ሽቦ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ለ10 ሜትር ርቀት፣ ደርሶ መልስ ከ0.14 ኦም አይበልጥም፤ ከ8 ኦም ስፒከር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለማጠፍ እንዲመች ባለ ብዙ ክር ይሁን፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም አለመሆኑን ብቻ ማረጋገጥ።

«የእንቁላል ካርቶን ድምፅ አያሳልፍም»

ያሳልፋል። ድምፅ የሚያግደው ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር ነው፤ የእንቁላል ካርቶን ሁለቱም የለውም። በውስጥ በኩል ቀጭን ድምፅን ትንሽ ያለዝብ ይሆናል፤ ጎረቤትን የሚቀሰቅሰው ግን ቀጭኑ አይደለም። ስስ ስፖንጅም እንደዚያው። ከዚያ በላይ እሳት በቀላሉ ይበላዋል፤ ቤት ውስጥ ግድግዳ ማልበሻ መሆን የለበትም። በብሎኬት ግድግዳና በሶሌታ የሚያልፈውን ወፍራም ድምፅ ተከራይ ሊያቆመው አይችልም፤ የሚችለው ከምንጩ መቀነስ ነው። ሰብዉፈሩን ከወለሉ በወፍራም ጎማ መለየት ንዝረቱን ይቀንሳል። ማታ ማታ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ላይ «ናይት» የሚለውን ማብራት፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርጋል።

«ማይኩ ሁሉን ያስተካክላል»

ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚመጣው ትንሽ ማይክ ርቀትና መጠን በመለካት ጎበዝ ነው። ሞገድ እርስ በርሱ የተጠፋፋበትን ጉድጓድ ግን መሙላት አይችልም፤ 6 ዲሲቤል ለመጨመር አራት እጥፍ ኃይል ያፈሳል፣ የተጨመረውም አብሮ ይጠፋፋል። መጀመሪያ ሶፋውና ሰብዉፈሩ ይንቀሳቀሱ፣ ማይኩ በመጨረሻ ይሰካ። ማይኩን ጭንቅላት በሚሆንበት ከፍታ ላይ ማቆም እንጂ ጠረጴዛ ላይ መወርወር አይደለም።

ሁሉም በቦታው ሆኖ ኋላው ዝም ካለ ጥፋቱ የክፍሉ ላይሆን ይችላል። ብዙ ቴሌቪዥኖች የድምፅ ማውጫቸው «ፒሲኤም» ላይ ሲሆን ሁለት ቻናል ብቻ ያወጣሉ፤ ወደ «አውቶ» ወይም «ቢትስትሪም» መቀየር ነው። ከዩቲዩብ የሚታየው አብዛኛው ፊልምና ድራማ ደግሞ ከመነሻውም ስቴሪዮ ነው። ለእሱ «ዶልቢ ሳራውንድ» ወይም «ፕሮ ሎጂክ» የሚለው ምርጫ ንግግሩን ወደ መሐል፣ የቀረውን ወደ ጎን ያከፋፍላል። ሁሉንም ስፒከር አንድ ዓይነት የሚያስጮኸው «ኦል ቻናል ስቴሪዮ» ለልደት ግብዣ እንጂ ለፊልም አይሆንም።

ኮርኒስ ላይ እያነጠሩ ድምፅን «ከላይ» የሚያወርዱ ስፒከሮችና ሳውንድባሮችም አሉ። እነሱ የሚሹት ዝርግ፣ ጠንካራ ኮርኒስ ነው፤ ደረጃ ደረጃ የተሠራ ጂፕሰም ያለበት ሳሎን ውስጥ ድምፁ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። በጎን የሚያነጥሩትም መጋረጃ በተሳበበት የበረንዳ በርና በኮሪደር መካከል ሲቀመጡ የሚያነጥርላቸው ግድግዳ የለም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሳሎኑ ለጎን ስፒከሮቹ ቦታ እንቢ ካለ፣ ይተዉ። ንግግሩ በአመዛኙ የሚመጣው ከመሐሉ ስፒከር ነው፤ እሱ ቴሌቪዥኑ ሥር ሆኖ ፊቱ ወደ ጆሮ ቀና ካለ፣ ግራና ቀኝ ከመቀመጫው እኩል ከራቁ፣ ሰብዉፈሩም ተድሆ ከተገኘለት ቦታ ከተቀመጠ፣ 3.1 በየጥጉ ከተሰቀለ 5.1 ይሻላል። አምፕሊፋየሩ ላይ ሳራውንድ በሚለው ፊት «የለም» ብሎ መሙላት ብቻ ነው፤ የጎኑ ድምፅ አይጠፋም፣ ከፊቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። የተረፉትን ሁለት ስፒከሮች መኝታ ቤት ማስገባት ይቻላል።