ሕልም እንደ ፈቺው ነውን?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ አካባቢ የምትኖር አንዲት የኮሌጅ ተማሪ እህታችን ካጋጠማት ነገር እንነሳ። አባቷ በሕይወት እያሉ፣ ሞተው ሲቀበሩ በሕልሟ አየችና እያለቀሰች ነቃች። ጎረቤቷ ያሉ እናት «የሞት ሕልም ዕድሜ ነው» ብለው አጽናኗት። የክፍል ጓደኛዋ ግን «በልብሽ የደበቅሽው ምኞት ነው፤ ሳይንስ እንዲህ ይላል» አለቻት። እህታችን ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቷን ፊት ማየት አፈረች።

ለመሆኑ እንዲህ የሚለው ሳይንስ ነውን?

አባባሉ የቪየናው ሐኪም የሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ፍሮይድ በ1900 እ.ኤ.አ. ስለ ሕልም ትርጓሜ ባወጣው መጽሐፍ፣ ሕልም የተሸሸገ ምኞት መፈጸሚያ ነው ሲል ጻፈ። የቅርብ ዘመድ ሞቶ እያዘኑ ማየትንም በልጅነት ከነበረ ምኞት ጋር አያያዘው። ጓደኛዋ «በልጅነት» የምትለዋን ቃል እንኳ ዘላታለች።

አንዲት ታካሚው ይህን ትምህርቱን ከሰማች በኋላ፣ ልትርቃት ከምትፈልጋት አማቷ ጋር የዕረፍት ጊዜዋን ስታሳልፍ በሕልሟ አየች። ታዲያ ምኞቱ የት አለ? ፍሮይድ «ምኞቷ እኔ ተሳስቼ እንድገኝ ነው» የሚል መልስ ሰጠ። ልብ በሉ! ሕልሙ ቢስማማም እርሱ ልክ ነው፤ ቢቃረንም ልክ ነው። ፈላስፋው ካርል ፖፐር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የፍሮይድን ትምህርት የነቀፈው በዚህ ነው፤ በምንም ማስረጃ ሊረታ የማይችል አባባል ሳይንስ አይባልም።

በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሴሪንስኪና ክላይትማን በእንቅልፍ ውስጥ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ አሳዩ። በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ላይ ነበሩ። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሆብሰንና ማካርሊ፣ ሕልም አንጎል ከራሱ ውስጥ ከሚነሳ መልእክት የሚሠራው ታሪክ ነው አሉ። ክርክሩ አላበቃም፤ ማርክ ሶልምስን የመሰሉ ተመራማሪዎች ፍላጎትና ስሜት ድርሻ አላቸው ይላሉ። ሕልም ከቀን ውሎና ሐሳብ ጋር እንደሚያያዝም ጥናቶች ያሳያሉ። ሆኖም ከአንድ ሕልም ተነስቶ የሰውን ስውር ምኞት በእርግጠኝነት የሚያወጣ የተፈተነ ዘዴ የለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሕልም ሦስት ዓይነት መሆኑን አስተምረውናል፦ ከአላህ የሆነ ብስራት፣ ከሸይጧን የሆነ ማስጨነቂያ፣ ሰው ከራሱ ጋር ከሚያወራው የሚመጣ። መጥፎ ሕልም ያየ በአላህ ይጠበቅ፤ ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ይበል፤ ጎኑን ይቀይር፤ ለሰውም አይንገር፤ አይጎዳውምና።

ፍሮይድን ስንመረምር የራሳችንንም ቤት እንመርምር። በታላቁ ታቢዒ በኢብን ሲሪን ስም የሚዞረው የሕልም መፍቻ የእርሳቸው ሥራ መሆኑን ብዙ አጥኚዎች አይቀበሉም። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪም በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ሙስሊም ባለሙያዎች የምዕራቡን ትምህርት ሳይመረምሩ እንዳይውጡ አሳስበዋል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን ቅዠት እየደጋገመ እንቅልፍ ከነሳት ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ ለዚህ የተፈተነ ሕክምና አለ። አንቺም እህታችን፣ ያየሽው ሕልም ወንጀል አይደለም፤ በአባትሽ ላይ ክፉ ማሰብሽንም አይመሰክርም። ይልቅ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ዱዓቸውንም ተቀበዪ።

ወላሁ አዕለም።