«እሺ» ሲባል ምን ተባለ? በወንጀል ችሎት የጋራ መረዳት እንዴት ይገነባል?

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ትርጉም በተናጋሪው አፍ ብቻ ተሠርቶ አያልቅም፤ በሁለቱ መካከል፣ ተራ በተራ ይገነባል። ኸርበርት ክላርክና ኤድዋርድ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት እንዳብራሩት፣ አንድ ንግግር የጋራ ዕውቀት የሚሆነው ተናጋሪው ስለተናገረው ብቻ አይደለም። አድማጩ ለተያዘው ጉዳይ በሚበቃ መጠን እንደተረዳ ሁለቱም ወገኖች ማመን አለባቸው። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብን በመሳሰሉ ፍርድ ቤቶች ከሚሰማ የወንጀል ክርክር ጋር አያይዞ ይመለከታል።

የመረዳት ማስረጃዎች እኩል ክብደት የላቸውም። በጽሞና ማዳመጥ አንዱ ነው፤ «እሺ» ወይም «እህ» እያሉ መከተል ሌላው ነው። ለተነገረው ነገር ተገቢ ምላሽ መስጠት ከእነዚህ ይበልጣል፤ የሰሙትን በራስ ቃል መልሶ መናገር ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል።

በአማርኛ «እሺ» ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው። «ሰምቻለሁ»፣ «ቀጥል»፣ «ተስማምቻለሁ»፣ «እንደታዘዝኩት አደርጋለሁ» የሚሉትን ሁሉ ሊወክል ይችላል። በትልቅ ሰው ፊት ሲነገር ደግሞ ከአክብሮት ያለፈ ይዘት ላይኖረው ይችላል። በዕለት ተዕለት ጨዋታ ይህ ብዙም አይጎዳም። የተሳሳተው አረዳድ በቀጣዩ ተራ ይጋለጣል፤ «ማለት?» ወይም «ምን አልከኝ?» ብሎ ማቅናት ይቻላል።

በችሎት ግን ተራው እንዲህ በነፃነት አይዘዋወርም። በቀድሞው የአገራችን ሙግት ተከራካሪዎች ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። በዛሬው ችሎት የመናገሪያ ተራን የሚመራው ዳኛው ነው። ተከሳሽ ያልገባውን ነገር በመሐል ገብቶ መጠየቅ ይከብደዋል፤ «አልገባኝም» ማለትም ድፍረት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ «ክሱን ተረድተውታል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ «አዎ» ደካማ ማስረጃ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ችግር የዘነጋው አይመስልም። በአንቀጽ 129 መሠረት ክሱ ለተከሳሹ ተነቦ ይብራራለታል፤ ተከሳሹ ክሱን በሚገባ መረዳቱንም ዳኛው ማረጋገጥ አለበት። አንቀጽ 133 ደግሞ ተከሳሽ ዝም ካለ ወይም ድርጊቱን በማስተባበያ ካመነ እንደካደ እንዲመዘገብ ያዛል። የእምነት ቃል የሚመዘገበው፣ በአንቀጽ 134 እንደተመለከተው፣ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያለማስተባበያ ሲያምን ነው። ሕጉ ዝምታን እንደ ስምምነት አይቆጥርም።

ለማብራሪያ ያህል የተዘጋጀ ምሳሌ እንመልከት፦

ዳኛ፦ «በስርቆት ተከሰዋል። ድርጊቱን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?»
ተከሳሽ፦ «አዎ፣ ስልኩን ወስጃለሁ፤ የራሴ መስሎኝ ነው።»

ሙሉው መልስ ሲታይ ማስተባበያ ያለበት ነው፤ እንደ ክህደት ይመዘገባል። ጸሐፊው ወይም አስተርጓሚው «አዎ»ን ብቻ ቢያስቀር ግን መዝገቡ ተከሳሹ ያላለውን ይናገራል። ተከሳሹ የመለሰው «ስልኩን ወስደሃል ወይ?» ለሚለው ነው፤ ችሎቱ የጠየቀው ደግሞ ስለ ወንጀሉ ነው። ሁለቱ የተነጋገሩት በአንድ ቃል፣ በሁለት ጉዳይ ላይ ነው።

ክርክሩ በአስተርጓሚ ሲሆን አደጋው ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የፍርዱ ሂደት በማይገባቸው ቋንቋ የሚካሄድባቸው ተከሳሾች በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምላቸው የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ሆኖም በሦስት ሰዎች መካከል በሚደረግ ንግግር የተከሳሹ «እሺ» ለዳኛው ይሁን ለአስተርጓሚው ሁልጊዜ ግልጽ አይሆንም። «የአስተርጓሚውን ንግግር ሰምቻለሁ» ለማለት የተነገረው ቃል «ክሱን ተቀብያለሁ» ተብሎ ሊተላለፍ ይችላል።

መፍትሔው ከመደበኛው የሰው ልጅ ንግግር የራቀ አይደለም። ዳኛው «ገብቶዎታል?» በማለት ፈንታ «የተከሰሱበትን ነገር በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ቢል ደካማው ማስረጃ በጠንካራው ይተካል። አስተርጓሚም «አዎ»ን ተከትሎ የመጣውን ሁሉ ሳያሳጥር ማስተላለፍ ይኖርበታል። ይህ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። በቀጠሮ ለተጨናነቀ ችሎት ጥቂት ደቂቃም ወጪ ነው፤ ነገር ግን ከገበያ ወግ በተለየ በችሎት ያለመግባባት ዋጋ የሚከፈለው በሰው ነፃነት ነው። አንቀጽ 129 ዳኛው እንዲያረጋግጥ ያዘዘው መረዳትም በአንዲት «እሺ» ሊረጋገጥ አይችልም።