የድንጋይ ከሰሉ ኢኮኖሚስት ሹማኸር፦ ከመቁጠር በፊት ማየት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አንድ ወጣት ኢኮኖሚስት በእንግሊዝ ገጠር የእርሻ ሠራተኛ ሆነው ይሠሩ ነበር። ከሥራቸው አንዱ በየማለዳው ኮረብታው ላይ ወዳለው መስክ ወጥቶ ከብት መቁጠር ነው። ከብቶቹ 32 ናቸው። ቆጥረው ይመለሳሉ፣ «32» ብለው ለኃላፊው ያስታውቃሉ፣ ከዚያ ቁርሳቸውን ይበላሉ። አንድ ቀን በመስኩ በር ላይ ያገኟቸው ሽማግሌ ገበሬ፣ ከብቶቹን በየቀኑ ከቆጠሯቸው እንደማይፋፉ ነገሯቸው። ወጣቱ ምሁር የገጠር ሰው ወግ ነው ብለው አለፉት። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ቁጥሩ 31 ሆነ፤ አንዱ ከብት ቁጥቋጦ ሥር ሞቶ ተገኘ። የሽማግሌው ነገር ያን ጊዜ ገባቸው። ሲቆጥሩ ከርመዋል እንጂ ከብቶቹን አላዩም። የየአንዳንዱ ጠጉር ያብለጨልጫል ወይስ ደብዝዟል? አካሄዱስ? ይህን የጠየቀ ዓይን ቢኖር ኖሮ በሽታው ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ይህን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት የኖሩት ኤርንስት ፍሪድሪክ ሹማኸር ናቸው። ወዳጆቻቸው «ፍሪትዝ» ይሏቸው ነበር። የሚገርመው፣ ከጦርነቱ በኋላ እንጀራቸው ያው መቁጠር ሆነ፤ ከ1950 እስከ 1970 ለሃያ ዓመታት የብሪታንያ ብሔራዊ የድንጋይ ከሰል ቦርድ የኢኮኖሚ አማካሪ ነበሩ። የአገሪቱን ነዳጅ በቶን ቆጠሩ፤ ሆኖም የሽማግሌውን ምክር ስላልረሱ፣ የሚቆጠረው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ መጠየቅን ለዓለም አስተማሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ዓ.ም. ከተባለበት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቦን እስከ ግዞት ካምፕ

ሹማኸር የተወለዱት በነሐሴ ወር 1911 በጀርመን ቦን ከተማ ነው። አባታቸው የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ስለነበሩ ልጅየው ያደጉት የገንዘብና የንግድ ነገር በሚወራበት ቤት ነው። በ1930 የሮድስ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኦክስፎርድ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሂትለር ሥልጣን ይዞ አገኙት። የናዚን አገዛዝ መቀበል ስላልቻሉ በ1937 ከባለቤታቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ሄዱ።

ጦርነቱ ሲፋፋም ግን ናዚን ሸሽቶ መምጣት አላዳናቸውም። ጀርመናዊ በመሆናቸው እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቆጥረው በ1940 ፕሪስ ሂዝ በተባለ ካምፕ ተያዙ። ከካምፑ ሲወጡ የተፈቀደላቸው ሥራ የእርሻ ጉልበት ሥራ ነበር፤ የከብቱ ታሪክም የዚያን ዘመን ነው። ቀን በእርሻ ላይ ሲደክሙ ውለው ማታ ስለ ዓለም የገንዘብ ሥርዓት ይጽፉ ነበር። አገሮች በመካከላቸው ያለውን የንግድ ዕዳ በጋራ የሚያወራርዱበትን ዘዴ የሚያብራራው ጽሑፋቸው ስመ ጥሩው ብሪታንያዊ ኢኮኖሚስት ጆን ሜናርድ ኬንስ ዘንድ ደረሰ። ኬንስ ራሳቸው ተመሳሳይ ዕቅድ ይዘው ስለነበር የወጣቱን ችሎታ አደነቁ። ጽሑፉ በ1943 በታዋቂ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ታተመ፤ የእርሻው ሠራተኛም ወደ ኦክስፎርድ ምርምር ተመለሱ። ብሪታንያዊው ኢኮኖሚስት ዊሊያም ቤቨሪጅ ሥራ ለሁሉ ስለማዳረስ ባዘጋጁትና በ1944 በወጣው መጽሐፍ ላይም እጃቸው አለበት።

በ1946 የብሪታንያ ዜግነት ተሰጣቸው። ወዲያው በብሪታንያ ቁጥጥር ሥር ወደነበረው የጀርመን ክፍል በኢኮኖሚ አማካሪነት ተላኩ። ኢንዱስትሪው በፈራረሰበት በዚያ አገር፣ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት የድንጋይ ከሰሉ ምርት መሆኑን በዓይናቸው አዩ። ማሽኑም ባቡሩም የቤት ምድጃውም ያለ እርሱ አይሠራም ነበር።

ሆባርት ሐውስ

የብሪታንያ የከሰል ማዕድን በጥር 1 ቀን 1947 ከግል ባለቤቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ዞረ። በአዲሱ ቦርድ ሥር ከ900 በላይ ጉድጓዶችና ወደ 700 ሺሕ የሚጠጉ ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ሹማኸር በ1950 ለንደን ውስጥ ሆባርት ሐውስ ወደተባለው የቦርዱ ዋና መሥሪያ ቤት ሲገቡ ጭንቀቱ የእጥረት ነበር፤ አገሪቱ የምትፈልገውን ያህል ከሰል ማውጣት አልተቻለም።

ከ1957 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጣው ነዳጅ ዘይት ረከሰ። የባቡር ድርጅቱ በከሰል ከሚሄደው ባቡር ወደ ናፍጣ ፊቱን አዞረ። በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ሸፍኖ ብዙ ሺሕ ሰው የጨረሰው ጢስ ያስከተለው የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግም ሰዉን ከከሰል ምድጃ አራቀው። ያልተሸጠ ከሰል በየጉድጓዱ አፍ ተከመረ። «ዘይቱ ርካሽ ነው፤ ጉድጓዶቹ ይዘጉ» የሚለው ድምፅ በመንግሥትም በጋዜጣም በረታ።

ሹማኸር በዚህ ክርክር የያዙት ወገን ተወዳጅ አልነበረም። የዛሬ ዋጋ የነገን አይናገርም አሉ። ዘይቱ ከጥቂት አገሮች የሚመጣ ነው፤ እነዚያ አገሮች ደግሞ አንድ ቀን በዋጋው ላይ የራሳቸውን ቃል መናገራቸው አይቀርም። የከሰል ጉድጓድን ደግሞ እንደ ሱቅ ዛሬ ዘግተው ነገ አይከፍቱትም። ውኃ የሚያወጡት ፓምፖች ሲቆሙ ከሥር የሚመነጨው ውኃ መተላለፊያዎቹን ይሞላል፤ ጣሪያውን የደገፉት ምሰሶዎች ይሰበራሉ፤ ድንጋዩ ይደረመሳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሰዉ መበተን ነው። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የመሬት ውስጥ ሙያ አንዴ ከተበተነ በአዋጅ አይሰበሰብም። ስለዚህ መዝጋት የሚመስለው ነገር በእርግጥ መቅበር ነው።

ከ1961 ጀምሮ ቦርዱን የመሩት ሎርድ ሮበንስም ይህን ሙግት በአደባባይ ይዘው ተከራከሩ። ግን ገበያው አሸነፈ። ሹማኸር በ1970 መሥሪያ ቤቱን ሲለቁ የቀሩት ጉድጓዶች 300 ገደማ ብቻ ነበሩ።

ዘር የሚበላ ገበሬ

የሹማኸር ትልቁ ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው። እንዲህ ብለን እንየው። ጎተራው የጎደለበት ገበሬ ልጆቹ እየራባቸውም ቢሆን ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመንካት እጁ ይንቀጠቀጣል። ዘሩ ከተበላ የሚቀጥለው ዓመት እንደሌለ ያውቃልና። ሹማኸር ያዩት፣ የበለጸጉት አገሮች ዘሩን እየበሉ «ዘንድሮ እንዴት ያለ ምርት ገባ!» እያሉ መሆኑን ነው።

በእሳቸው ቋንቋ ጉዳዩ የካፒታልና የገቢ ልዩነት ነው። ነጋዴ ዋናውን ገንዘብ እየመነዘረ ወጪውን ቢሸፍን ማንም አትራፊ ነው አይለውም። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ግን ምድር በሚሊዮን ዓመታት ያጠራቀመችው፣ ሰው ያላመረተው ዋና ሀብት ሆኖ ሳለ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚጻፈው እንደ ዓመታዊ ገቢ ነው። ፀሐይ፣ ውኃና ነፋስ ገቢ ናቸው፤ ነገም ይመጣሉ። ከመሬት ሥር የሚወጣው ግን ወጥቶ ያልቃል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ መደመር የመደመር ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ ከመደመሩ በፊት ነው።

የዕድገቱም ፍጥነት ያሳስባቸው ነበር። በ1960ዎቹ የዓለም የነዳጅ ዘይት ፍጆታ በየዓመቱ ወደ 7 በመቶ ያድግ ነበር። በዚህ መጠን የሚያድግ ነገር በ10 ዓመት እጥፍ፣ በ20 ዓመት አራት እጥፍ፣ በ30 ዓመት ስምንት እጥፍ ይሆናል። አዲስ የተገኘ ትልቅ የነዳጅ ቦታ እንኳ ይህን ሩጫ የሚያቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ደግሞም ማን እንደሚፈጀው ቆጠሩ። የ1966ን የዓለም ፍጆታ ወደ ከሰል መጠን ቀይረው ሲያሰሉ፣ ነዳጅ በተትረፈረፈባቸው አገሮች አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 4.52 ቶን ሲደርሰው በተቀሩት አገሮች የሚደርሰው 0.32 ቶን ነበር። አሥራ አራት እጥፍ ልዩነት ነው። የድሃው አገር ሕዝብ በዚያው መንገድ ልበልጽግ ቢል ነዳጁ ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ ከሆባርት ሐውስ ጠረጴዛ ወሰን አልፎ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ወሰዳቸው።

የኑክሌር ኃይልም መልስ ሆኖ አልታያቸውም። ለሺሕ ዓመታት አደገኛ ሆኖ የሚቆይ ዝቃጭ ለልጅ ልጅ ማውረስ በየትኛውም የዋጋ ስሌት የማይስተካከል በደል ነው ብለው፣ ጊዜው በአቶም ተስፋ በሰከረበት በ1960ዎቹ በግልጽ ተናገሩ።

ማስጠንቀቂያው ሲደርስ

በ1973 ጽሑፎቻቸውን የሰበሰቡበት «ትንሽ ውብ ነው» የተባለው መጽሐፍ ወጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ፈነዳ፤ የዓረብ አገሮች ነዳጅ አቀቡ፤ በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋ በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በብሪታንያ የማዕድን ሠራተኞቹ እንቅስቃሴ ተጨምሮበት፣ በ1974 መጀመሪያ አብዛኛው ኢንዱስትሪ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ኤሌክትሪክ እንዲጠቀም ታዘዘ። ሰሚ አጥተው የኖሩት አማካሪ በአንድ ጊዜ የሚፈለጉ ሰው ሆኑ።

ያ ማዕበል እኛም ዘንድ ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የቤንዚን ዋጋ 50 በመቶ በመጨመሩ ነበር። ከመምህራኑ፣ ከተማሪውና ከወታደሩ ብሶት ጋር ተዳምሮ የዘውዱን መንግሥት ለጣለው አብዮት በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ይኸው የነዳጅ ዋጋ ነው። ሹማኸር ሲሉት የነበረው ነገር የቶንና የበርሜል ጉዳይ ብቻ እንዳልነበር እኛ በራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። ሌላ አገር የሚወሰን ዋጋ የሩቅ አገር መንግሥትን ያናውጣል።

የመቶ ፓውንዱ መሣሪያ

በ1955 ሹማኸር የበርማ መንግሥት አማካሪ ሆነው ለሦስት ወራት ራንጉን ተቀመጡ። ገቢው አነስተኛ የሆነ፣ ግን የተረጋጋና ደስተኛ ሕዝብ አገኙ። ሌሎች አማካሪዎች ይህን ሕዝብ የሚለኩት በጎደለው ነገር ነው፤ እሳቸው ደግሞ በያዘው ነገር ማየት ጀመሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሕንድን ሲጎበኙ ደግሞ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወጣት በየመንደሩ አዩ፤ ሐሳባቸውም ያን ጊዜ ተጨበጠ።

እንዲህ ብለው በቀላል ስሌት አስረዱት። በድሃ አገር አንድ ሰው የሚሠራበት ባህላዊ መሣሪያ 1 ፓውንድ ያወጣል እንበል። በበለጸገው አገር አንድን ሠራተኛ ሥራ ለማስያዝ የሚያስፈልገው ማሽን 1000 ፓውንድ ነው። ባለ 1000ው ማሽን ለጥቂቶች ሥራ ሰጥቶ ባለ 1ዱን መሣሪያ ይገድላል፤ ብዙኃኑም ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። የጠፋው በመካከል ያለው የ100 ፓውንድ መሣሪያ ነው፦ ከቀድሞው በብዙ የሚሻል፣ የመንደሩ ሰው ሊገዛው፣ ሊጠግነውና የራሱ ሊያደርገው የሚችል። «መካከለኛ ቴክኖሎጂ» አሉት። በ1966 ከጆርጅ ማክሮቢና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ የሚሠራ ቡድን ለንደን ውስጥ አቋቋሙ፤ ዛሬም «ፕራክቲካል አክሽን» በሚል ስም አለ።

ከቡድኑ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የዛምቢያ እንቁላል ነው። ገበሬዎቹ እንቁላል ነበራቸው፤ ሳይሰበር ገበያ የሚያደርሱበት የካርቶን ማስቀመጫ ግን አጡ። በዓለም ገበያ የነበረው ትንሹ ማሽን በወር አንድ ሚሊዮን ማስቀመጫ የሚያመርት ነበር፤ ዛምቢያ የሚበቃት በዓመት አንድ ሚሊዮን ነው። ትንሽ ማሽን አትራፊ አይሆንም ተባለ። የሹማኸር ባልደረቦች መሐንዲሶችን አስተባብረው ትንሹን ሠሩት፤ ሠራም።

የዚህን ሐሳብ መልክ ለማየት የእኛን ማዕድ ቤት መመልከት ይበቃል። ውስጡ ሸክላ፣ ውጭው ቆርቆሮ የሆነው ላቀች የእንጨት ከሰል ማንደጃና እሳቱን ከምጣዱ ሥር ሸሽጎ እንጨት የሚቆጥበው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ፣ ከጉልቻ ከፍ ያሉ፣ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ዝቅ ያሉ ናቸው። በአገር ቤት ይሠራሉ፤ ጢሱንና ወጪውን ይቀንሳሉ። የመቶ ፓውንዱ መሣሪያ ማለት ይህ ነው።

የቀረው

ሹማኸር ያሉት ሁሉ እንዳሉት አልሆነም። ነዳጅ ዘይቱ በፈሩት ፍጥነት አላለቀም፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዋጋው ራሱ ወድቋል። የተሟገቱለት የድንጋይ ከሰልም ዛሬ ከአየር ንብረት ጠንቆች ዋነኛው መሆኑ ታውቋል። የብሪታንያ የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ በታኅሣሥ 2015 ተዘጋ፤ የመጨረሻው በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫም በመስከረም 2024 ጠፋ። ነገር ግን ምክንያቱን ልብ እንበል። ማመንጫውን በዋናነት ያስቆመው የከሰሉ ማለቅ አይደለም፤ የአየሩ አለመቻል ነው። አየሩም የማይታደስ ዋና ሀብት ሆኖ ሳለ ማንም በመዝገብ አላስገባውም ነበር። ከሁለቱ ዋና ሀብቶች የትኛው ቀድሞ እንደሚጎድል ሳቱ እንጂ፣ ዋናውን እየበላን ነው ማለታቸው ልክ ነበር።

በ1977 መጋቢት በዋይት ሐውስ ከፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጋር ተገናኙ። በዚያው ዓመት መስከረም 4 ቀን፣ ለንግግር በሄዱበት በስዊዘርላንድ፣ በባቡር ሲጓዙ በ66 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ በየአገሩ የኃይል ዕቅድ ሲወጣ ሜጋ ዋቱ ይቆጠራል፣ ቶኑ ይቆጠራል፣ መቶኛው ይሰላል። ይህ መቆጠር አለበት፤ ሹማኸርም ሃያ ዓመት ሙሉ ቆጥረዋል። ግን ግድቡ ውኃ የሚያገኝበት ተራራ ደን አለው ወይስ ተራቁቷል? እንጨት ተሸካሚዋ እናት ከዓምና ይልቅ ዘንድሮ ስንት ሰዓት ትሄዳለች? እነዚህን ካልጠየቅን ቁጥራችን 32 እንደሆነ ይሰነብታል፤ 31 የሚሆንበት ቀን ግን ዘግይቶ የደረሰ ዜና ነው።