ሁለት ቤቶች በቺካጎ

(ምስል፦ የቺካጎ የከብት በረትና ቄራ፤ ከከፍታ ላይ የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ)

ተራኪ፦ የአሜሪካ ልብ ወለድ ስደትን፣ ዘረኝነትንና የኑሮ ልዩነትን እንዴት እንደተረከ በአንድ ከተማ ይታይ ከተባለ፣ ከቺካጎ የሚቀድም ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በ34 ዓመት ልዩነት የታተሙት ሁለት የቺካጎ መጻሕፍት፣ የአፕተን ሲንክሌር «ዘ ጀንግል» እና የሪቻርድ ራይት «ኔቲቭ ሰን»፣ ድሃ የሚዋረደው በስድብና በዱላ ብቻ ሳይሆን በቤት ውል፣ በኪራይና በሥራ ደጃፍም ጭምር መሆኑን አሳይተዋልና። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1865 የገና ዕለት የተከፈተው «ዩኒየን ስቶክ ያርድስ»፣ ማለትም ከምዕራቡ የግጦሽ አገር በባቡር ተጭኖ የሚመጣው ከብት የሚታጎርበትና የሚሸጥበት ሰፊ ግቢ፣ ቺካጎን የአገሪቱ ቄራ አደረጋት። በዙሪያው የተተከሉት የሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ጉልበት እንጂ ቋንቋ ስለማይጠይቁ ከመርከብ የወረደውን ድሃ ሁሉ ይቀበሉ ነበር፤ ቀድሞ የገባው ደመወዝ ይጨመርልኝ ማለት ሲጀምርም ኋላ የመጣው በዝቅተኛ ክፍያ ይተካዋል።

ሲንክሌር በ1904 መገባደጃ ላይ ወደዚያ ሰፈር ሲሄድ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። የላከው በካንሳስ ይታተም የነበረው «አፒል ቱ ሪዝን» የተባለ የሶሻሊስት ጋዜጣ ሲሆን፣ ደራሲው ሰባት ሳምንት ያህል ያደፈ ልብስ ለብሶና የምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ከሠራተኛው ጋር ሲገባና ሲወጣ ሰነበተ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሊትዌኒያ ስደተኞች ሠርግ ላይ ደረሰና እስከ ሌሊት ተቀምጦ ተመለከተ፤ ራሱ በኋላ እንደተረከውም የመጽሐፉ ባለታሪኮች የተገኙት ከዚያ ሠርግ ነው። መጽሐፉም የሚከፈተው በዩርጊስ ሩድኩስና በኦና ሠርግ ነው። በአገራቸው ልማድ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ለሙሽሮቹ የቻለውን ይሰጣል፤ በቺካጎ ግን ብዙው እንግዳ ከጠገበ በኋላ እጁን ሳይዘረጋ ስለሚሾልክ ሙሽሮቹ ትዳራቸውን በድግስ ዕዳ ይጀምራሉ።

(ምስል፦ የእንጨት ቤቶች ረድፍ፣ ከበስተኋላ የፋብሪካ ጭስ)

ተራኪ፦ የሲንክሌር ብዕር ከሁሉ በላይ የሚበረታው ግን ቤቱ ላይ ነው። ቤተሰቡ በ1500 ዶላር የሚሸጥ «አዲስ» ቤት ያገኛል፤ 300 ዶላር ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በየወሩ 12 ዶላር ሊከፈል ነው። ውሉ ላይ «ኪራይ» የሚል ቃል በማየታቸው ደንግጠው የጠየቁት ጠበቃ የተለመደ አጻጻፍ መሆኑን ነግሮ ያረጋጋቸዋል፤ ይሁን እንጂ ጠበቃውና የቤቱ ደላላ በስም የሚጠራሩ ወዳጆች ናቸው። ከፈረሙ በኋላ አንዲት አሮጊት ጎረቤት መጥታ የቤቱን ታሪክ ስትዘረዝርላቸው፣ መጽሐፉ ከልብ ወለድነት ወጥቶ የሒሳብ መዝገብ እስኪመስል ድረስ ነገሩ ይገለጣል። ቤቱ አዲስ ሳይሆን የ15 ዓመት ዕድሜ ያለው ነው፤ ወለዱም ከወር ክፍያው ውጪ ለብቻው የሚከፈል ነው። አንድ ወር ያጓደለ ሰው ቤቱንም እስከዚያ የከፈለውንም ያጣል። ከእነሱ በፊት ጀርመናዊ፣ አየርላንዳዊ፣ ቦሄሚያዊና ፖላንዳዊ ቤተሰብ በተራ ገብተውበት፣ አንዱ በሞት፣ ሌላው በሥራ ማጣት ወይም በጉዳት ምክንያት መክፈል እያቃተው ወጥቷል። ኩባንያውም ያንኑ ቤት ቀለም እየቀባ ደጋግሞ ሸጦታል።

ዩርጊስ ሚስቱን አስገድዶ የደፈረውን አለቃ በመደብደቡ ታስሮ ሲፈታና ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቤቱ እንደገና ተቀብቶ ሌላ ቤተሰብ ገብቶበት ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ኦና በወሊድ፣ ልጃቸው አንታናስ መንገድ ላይ በቆመ ውሃ ሰጥሞ፣ ከቤተሰቡ ልጆች አንዱ የሆነው ስታኒስሎቫስም በአይጦች ተበልቶ ይሞታሉ። ሲንክሌር መከራን ሲደራርብ ልክ አያውቅም ብለው የሚነቅፉት ተቺዎች አልተሳሳቱም፤ የቤቱ ውል የተተረከባቸው ገጾች ግን እንባ ሳይጠይቁ ከሌላው ሁሉ በላይ ያሳምማሉ።

መጽሐፉ በየካቲት 1906 ሲታተም አንባቢውን ያስደነገጠው የስደተኛው ዕጣ ሳይሆን፣ ስለ ተበላሸ ሥጋ የሚናገሩት ጥቂት ገጾች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት መርማሪዎች ልከው ካጣሩ በኋላ፣ ሰኔ 30 ቀን 1906 የሥጋ ምርመራ ሕግና የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕግ ጸደቁ። ሸማቹ ለሆዱ እንጂ ለሠራተኛው አለመቆርቆሩ ሲንክሌርን ዕድሜውን ሙሉ አስቆጭቶታል።

(ምስል፦ በ1904 አድማ ወቅት በፋብሪካ ደጃፍ የተሰበሰበ ሕዝብ)

ተራኪ፦ ዝግጅቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ አንድ ደፋር ደራሲ ለተገፉ ሰዎች ስለቆመበት መጽሐፍ የሚናገር የምስጋና ትረካ ይሆን ነበር፤ ምዕራፍ 26 ግን ያንን ይከለክላል። ምዕራፉ የሚተርከው በ1904 ክረምት ስለተካሄደውና ስለከሸፈው የቄራ ሠራተኞች አድማ ነው፤ ኩባንያዎቹም አድማውን ለማፍረስ ከደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሠራተኞችን ያመጣሉ። አድማ ሰባሪ የሚባለው፣ ሌላው ሥራ ሲያቆም በእሱ ቦታ የሚገባ ሰው ነው፤ ዩርጊስ ራሱም በዚህ ምዕራፍ አድማ ሰባሪ ይሆናል። ለሊትዌኒያዊው ስም፣ ትዳርና ጸጸት የሰጠው ብዕር ግን ለጥቁሮቹ አንድም ስም ሳይሰጥ፣ ከእንስሳ የማይለይ አውሬያዊ መንጋ አድርጎ ይስላቸዋል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበራት በዚያን ጊዜ ጥቁርን በአባልነት እንደማይቀበሉ፣ ስለዚህም ብዙ ጥቁሮች የፋብሪካውን በር ያገኙት በአድማ ሰባሪነት ብቻ እንደነበር ሲንክሌር አልጻፈም። ለድሆች ፍትሕ የሚጮኽ መጽሐፍ ከድሆች መካከል ግማሾቹን ከሰውነት ተራ ማውጣቱ በዘመኑ አስተሳሰብ ይመካኛል፤ ምክንያቱ ግን መጽሐፉን ነጻ አያወጣውም።

ሐምሌ 27 ቀን 1919 ቺካጎ ውስጥ በሚቺጋን ሐይቅ ሲዋኝ በልማድ ለነጮች ብቻ ወደተተወው የውሃ ክፍል የተሻገረ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ፣ ዩጂን ዊሊያምስ፣ በድንጋይ ተወግሮ ሰጠመ። በተከተለው የዘር ግጭት 23 ጥቁሮችና 15 ነጮች ሞቱ። በዚያው ሰሞን ከቄራው አጠገብ የነበሩ የሊትዌኒያውያን ቤቶች ተቃጥለው ከ900 በላይ ሰዎች ሜዳ ላይ ወደቁ፤ ቃጠሎው በጥቁሮች ቢመካኝም፣ ስደተኞቹን በጥቁሮች ላይ ለማነሣሣት ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ሥራ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ዩርጊስና ስም የለሾቹ አድማ ሰባሪዎች ከመጽሐፉ ወጥተው የተገናኙት በዚህ መልክ ነበር ማለት ይቻላል።

(ምስል፦ በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል የጥቁሮች ሰፈር፤ በ1941 የተነሡ ፎቶግራፎች)

ተራኪ፦ ለእነዚያ ሰዎች ስም የሰጠው በ1908 ሚሲሲፒ ተወልዶ በ1927 ቺካጎ የገባው ሪቻርድ ራይት ነው። በ1940 የታተመው «ኔቲቭ ሰን» ሲከፈት የ20 ዓመቱ ቢገር ቶማስ በቤቱ ወለል ላይ የሚሮጥ ትልቅ አይጥ አሳድዶ ይገድላል። ቤቱ ደግሞ አራት ሰው በሳምንት ስምንት ዶላር የሚከፍልበት አንድ ክፍል ነው። አከራዩ ኩባንያ የሚስተር ዳልተን ነው፤ ዳልተንም ለጥቁሮች ትምህርት ገንዘብ የሚሰጥ፣ ለወጣቶቻቸው የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ የሚለግስና ቢገርን በሹፌርነት የሚቀጥር ደግ ሰው ነው። ከጥቁሮች ሰፈር ውጪ ለምን እንደማያከራያቸው ሲጠየቅ የሚያቀርበው ምክንያት ልማድ ነው። ሲንክሌር ቤት ሻጩን ወንበዴ አድርጎት ነበር፤ ራይት ግን በደሉን ከበጎ አድራጊው እጅ አወጣው፤ በዚህም ከሲንክሌር የተሻለ ዓይን እንዳለው አስመሰከረ።

በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ቢገርና ጓደኛው መንገድ ዳር ቆመው ሰማይ ላይ በጭስ ማስታወቂያ የሚጽፍ አውሮፕላን ይመለከታሉ፤ ቢገርም ዕድሉን ቢያገኝ ማብረር እንደሚችል ይናገራል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም ከዚያችው ቺካጎ ዕድሉን ነጥቆ የወሰደ አንድ ጥቁር ሰው በ1935 አዲስ አበባ ገብቶ ነበርና። ጆን ሮቢንሰን በቀለሙ ምክንያት ተማሪ አድርጎ ባልተቀበለው የበረራ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ትምህርቱን ከክፍሉ ዳር ሆኖ አዳመጠ፤ በኋላም በተማሪነት ተቀበሉት። የፋሺስት ወረራ ሲያንዣብብ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በኮሎኔልነት የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ፤ ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎች ሲያሠለጥን ቆይቶ በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ራይት ይህን ሰው አስቦ ጻፈ ማለት አይደለም፤ የቢገር ንግግር ባዶ ጉራ አለመሆኑን ግን የሮቢንሰን ሕይወት ይመሰክራል።

ቢገር ሳያስበው የዳልተንን ልጅ ሜሪን ይገድላል፤ ቀጥሎም ጥቁር ፍቅረኛውን ቤሲን አስቦ ይገድላል። የሜሪን አሟሟት ለማጣራት በተሰየመው የምርመራ ጉባኤ ግን የቤሲ አስከሬን የሚቀርበው የሜሪን ሞት ለማስረዳት ነው፤ ለራሷ ደም ማንም አይሟገትላትም። ራይት ይህን አድልዎ ቢያጋልጥም ለቤሲ የሰጣት ቦታ ራሱ ጠባብ ነው፤ ያስከበረው የወንዱን ሰቆቃ ነው። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት የወሩን ምርጥ መጽሐፍ ለአባላቱ የሚያከፋፍለው ታላቅ የመጻሕፍት ክበብ አንዳንድ ትዕይንቶች እንዲወጡ በመጠየቁ፣ ሜሪ ወደ ቢገር መሳቧን የሚያሳዩት መስመሮች ተለዝበው ወጡ። አንባቢ ያልተቆረጠውን ጽሑፍ ያገኘው በ1991 ነው።

ሁለቱ መጻሕፍት የከሰሱት የቤት ሥርዓት በፍጥነት አልተነካም። የሥጋው ሕግ በወራት ውስጥ ሲወጣ፣ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ ወይም እንዳይከራይ የሚያስገድዱ ውሎች በፍርድ ቤት እንዳይጸኑ የተወሰነው በ1948 ነበር። በመኖሪያ ቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው ደግሞ በሚያዝያ 1968 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ራይት ፓሪስ ውስጥ ከሞተ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ሲንክሌርም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ90 ዓመቱ ሞተ።