በኢስትሊ የሚሸጡ ያገለገሉ ስልኮች ለምን ለጥቃት ይጋለጣሉ?

በናይሮቢዋ ኢስትሊ ያገለገለ የአንድሮይድ ስልክ የገዛ ሰው፣ ሊኑክስ ከርነል የተባለውን የሶፍትዌር እምብርትም አብሮ ይገዛል። ፎቶና መልዕክት በማከማቻው ላይ የሚጽፈው የከርነሉ ክፍል ድራይቨር ይባላል። ድራይቨሩ የለቀቀውን ሚሞሪ ተመልሶ ከነካ፣ ቤት ለቅቆ ቁልፉን ያልመለሰ ተከራይን ይመስላል፤ በዚያ ቁልፍ ጠላፊ ሊገባ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ስህተት ዓይን ብቻውን ለቅሞ አይጨርሰውም። የጉግሉ ሲዝቦት እንደ አውሮፓውያኑ ከ2017 ጀምሮ ከርነሉን እየፈተነ በሺዎች የሚቆጠሩ ስህተቶችን አግኝቷል። በግንቦት 2025 ደግሞ ተመራማሪው ሾን ሂላን የኦፕንኤአይ ኦ3 ሞዴል ኮድ አንብቦ፣ ፋይል በሚያጋራው የከርነሉ ክፍል ተመሳሳይ ስህተት ማግኘቱን ይፋ አድርጓል።

ጥገናው ግን ስልኩ ዘንድ የሚደርሰው አምራቹ ማሻሻያ ከላከ ነው። ድጋፉ ያበቃለት ስልክ ስህተቱ ታውቆም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ገዥ በሴቲንግ ውስጥ የመጨረሻውን የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ከዋጋ ክርክሩ በፊት ቢመለከት ይበጀዋል።